የአማረ ድምፅ የጠፋበት ቤት

የኔነህ የአማረን ድምፅ አጠፋው። ነገሩን አለሳልሶ መናገር ይቻላል፤ ግን ለማንም አይጠቅምም። አማረ በላቸው ሲናገር፣ ሲስቅና ሲራመድ የሚታይባቸው ጥቂት ቪዲዮዎች ነበሩ። ሁሉም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበሩ። አማረ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ሲቀሩት የኔነህ በገዛ ጣቱ ደመሰሳቸው።

የደመሰሳቸው የአማረን እህት ናፍቆትን አድናለሁ ብሎ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ከሁለቱ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷም ብትሆን ያወቀችው በሙት ዓመቱ ጧት ነው፤ ዘመድ አዝማድ ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን በመመለስ ላይ ሳለ።

አቶ በላቸው በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ካላቸው ነጋዴዎች አንዱ ናቸው። ባለ አንድ ፎቁን ቤት ከአስፋልቱ ዳር አቁመው ቀለሙ ሳይደርቅ የመጀመሪያ ልጃቸው አማረ ሞተ። ከባሕር ዳር የተሳፈረበት ሚኒባስ የጉማራን ወንዝ ሳይሻገር ተገለበጠ። ስልኩ ከኪሱ ሲወጣ እንደ ብስኩት ደቅቆ ነበር። የተረፈው ቀደም ብሎ ከስልኩ ወደ ቤቱ ኮምፒውተር የገለበጠው ብቻ ነው። አባቱ መፈልፈያው ውስጥ በገለባ ብናኝ ተሸፍነው ሲጮኹ፣ እናቱ ከካሜራው እየሸሹ ሲስቁ፣ በመጨረሻም እሱ ራሱ ስልኩን ወደ ፊቱ አዙሮ «ይኸው፣ እኔም አለሁ» ሲል።

አቶ በላቸው ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚፈልጉትን ግን ያውቁ ነበር። አዲሱ ቤት አምስት ክፍል አለው፤ በአምስቱም ቴሌቪዥን ይሰቀላል፤ ሁሉም ከአንድ ማሽን ጋር ይገናኛል፤ በሙት ዓመቱ ዕለት እንግዳ የትም ይቀመጥ የት አማረ ሲናገር ይሰማል። እስከዚያ ቀን ድረስ ቪዲዮዎቹን ላለማየት ምለዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽም የልጃቸውን ስም ስክሪን ላይ ባዩ ቁጥር ስለሚያለቅሱ ወደ ማሽኑ አይጠጉም።

ለሥራው የተጠራው የኔነህ ደሳለው ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። የመጀመሪያው ቀን ሳሎን ተቀምጦ አሠራሩን ሲያስረዳቸው አቶ በላቸው በጥሞና ሰሙትና፣

«አንድ ለአምስት ማለት ነው» አሉት። «ቀበሌው እኛን እንዳደራጀን አንተ ቴሌቪዥኖቹን አደራጅልኝ።»

«እንደሱ ነው ጋሼ። የኔዎቹ ግን ከስብሰባ አይቀሩም።»

አቶ በላቸው ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ናፍቆት ከፎቅ ሆና ያን ሳቅ ሰማችና ያሳቃቸውን ሰው ለማየት ወረደች። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ነው።

ናፍቆት ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሥራ እየጠበቀች ነበር። መጠበቅ አትችልበትም። የኔነህ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ገመድ ሲዘረጋ ታች ሆኖ የሚጎትትለት ሰው ሲያስፈልገው ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች። በእያንዳንዱ ገመድ ውስጥ ባለቀለም ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ተራ ካልተደረደሩ ማሽኖቹ አይነጋገሩም። ቀለሙን እሷ ትጠራለች፤ እሱ ጫፉን በመቆንጠጫ ይነክሰዋል።

«ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ…»

«አረንጓዴውን ዘለልሽው።»

«አልዘለልኩም። ተራው እንደዚህ ነው። ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

«እየፈተንኩሽ እኮ ነው።»

«ፈተና ጨርሼ ነው የመጣሁት። ዲግሪዬን አላየኸውም?»

«እንዴት አላየው? ሳሎን ከሥላሴ ሥዕል በላይ ተሰቅሏል። ሥላሴም እየተመለከቱት ነው።»

ከኮርኒሱ ቀዳዳ ወደታች ሲያያት ፊቱ አቧራ ብቻ ነበር፤ ዐይኑና ጥርሱ ብቻ ይታያል። ናፍቆት ሳቋን ለመዋጥ ገመዱን ጎተተች። አበዛችውና እሱም አብሮ ሊወድቅ ነበር።

የኔነህ ከወረታ ወጣ ብላ ያለችው የቁሐር ሚካኤል መንደር ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ አያ ደሳለው በየመኸሩ ሩዛቸውን በአህያ ጭነው አቶ በላቸው መፈልፈያ ያመጣሉ። አቶ በላቸው ገበሬ አይጠሉም። ሚዛኑ ዘንድ ቆሞ ሲያዩት እንዲያውም ይወዱታል። ገበሬ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ ልጃቸውን ቢጠይቃቸው ግን ምን እንደሚሉ ናፍቆት መገመት አያሻትም፤ የአጎቷ ልጅ በተጠየቀች ጊዜ የተባለውን ሰምታለች። ስለዚህ ሁለቱ ያላቸው ያ ኮርኒስና ያ ገመድ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ታቦቱ በነገሠበት፣ ሰው በበዛበት ቀን፣ ጣራ ገዳም አብረው ወጡ። ሲወርዱ ጫማዋ እግሯን ላጠውና እሱ ተሸከመላት። ጫማዋን በአንድ እጁ፣ ትከሻዋን በሌላው ይዞ የተነሡትን ፎቶ ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም።

ፎቶዎቹን ከስልኳ ማውጣት ነበረባት፤ እናቷ ስልኳን ሳይጠይቁ ያነሣሉ። ወደ ዋናው ማሽን ገለበጠቻቸው። የት ትደብቃቸው? የፊልሙን ፎልደር ሁሉም ይከፍተዋል፤ የመዝሙሩንም እንዲሁ። በዚያ ቤት ማንም የማይደፍረው አንድ ፎልደር ብቻ ነበር፤ ስሙም «አማረ» ይላል። ናፍቆት ፎቶዎቹን እዚያ ከተተችና ለየኔነህ ነገረችው።

«ወንድምሽ ጋ?» አላት።

«እሱ ምሥጢር ያውቅ ነበር።»

የኔነህ ወደ ገመዱ ተመለሰ። ናፍቆት ያኔ የተስማማላት መሰላት።

*

ከዚያ ድንገት ራቀ። ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የኔነህ ወደ ቤቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ። ሲደወልለት «ባሕር ዳር ነኝ፣ ዕቃ ልገዛ ነው» ይላል፤ ሲመጣም አንገቱን ደፍቶ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሳሎን ውስጥ ሲተላለፉ ዐይኗን ሽሽት ግድግዳውን ያያል። ናፍቆት በመጀመሪያ አባቷ አንድ ነገር ብለውት ይሆናል ብላ ሰጋች። ቀጥሎ ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል ብላ ገመተች፤ ማረጋገጫ ፍለጋ ሱቁ ሄደች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የኔነህ ጀርባውን ሰጥቶ ስክሪኑ ላይ ተደፍቷል። ከትከሻው በላይ የሰው ፊት የመሰለ ነገር አየች። ኮቴዋን ሲሰማ ደንግጦ ስክሪኑን አጠፋ።

«ማናት?» አለችው።

«ማንም አይደለችም።»

«ማንም ካልሆነች ለምን አጠፋሃት?»

«ናፍቆት፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራህን አየሁት። ፊት አላት።» የቆመችበት ቦታ በተፈታቱ ስልኮች ተሞልቷል፤ መቀመጫ የለም፤ መቀመጥም አልፈለገችም። «ከሰለቸህ ሰለቸኝ በለኝ። እኔ አለቅስልህ መሰለህ?»

የኔነህ ፊቱን አዞረና አያት። ዐይኑ ቀልቶ ነበር፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው። 

«ሙት ዓመቱ ይለፍ» አላት በመጨረሻ። «ከዚያ እንነጋገራለን።»

«የወንድሜን ሙት ዓመት የቀጠሮ ማመካኛ አታድርገው።»

ወጣች። መናኸሪያውን እስክታልፍ ድረስ አላለቀሰችም። ካለፈች በኋላ ግን ያን የማታውቃትን ሴት ፊት በልቧ እየሳለች፣ አፍንጫዋን እያሳጠረች፣ ዐይኗን እያጎላች ሄደች። በሰው መቅናት እንዲህ የሚያሳንስ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

*

የሙት ዓመቱ ጧት መፈልፈያው ቆሟል። ያለ ሞተሩ ድምፅ ግቢው ባዶ ቅል ይመስላል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወጡ እየተጨለፈ ነው። ናፍቆት የመጋረጃ ጨርቅ ፍለጋ ፎቅ ወጥታ ዋናው ማሽን ያለባትን ትንሿን ክፍል ስትከፍት የኔነህ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የማሽኑ መብራት በስተኋላው ብልጭ ድርግም ይላል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱ ከሸሚዙ የባሰ ነጭ ነው።

«ዝጊው» አላት።

«ሰው ያያል» አለችው።

«ይይ። ቪዲዮዎቹ የሉም ናፍቆት።»

«የት ናቸው?»

«የሉም። እኔ አጥፍቻቸዋለሁ።»

መጀመሪያ የመጣላት ሳቅ ነው። ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ፊቱን አይታ ቀረ። በሩን ዘጋችው።

«ከባሕር ዳር የመጡት እንግዳ ትዝ ይሉሻል? ልጃቸውን ላንቺ ያሰቡት?»

«ትዝ ይሉኛል።»

«አባትሽ እዚህ ሊያመጧቸው ወጡ። ደረጃው ላይ ሆነው ‹የኔነህ፣ የልጄን ክፈትልኝ፤ እኔ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ እሳቸው ይዩልኝ› አሉኝ። ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው እኔና አንቺ ነን። ጣራ ገዳም። ጫማሽን ይዤ።» ምራቁን ዋጠ። «ኮቴያቸው ይሰማኛል። ፎቶዎቹን መረጥኩ። የመረጥኩ መሰለኝ። ለካ ሁሉንም ነው የመረጥኩት። ተመልሶ እንዳይገኝ አድርጌ አጠፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«አባትሽ በሩን ከፈቱ። መብራት ጠፋ።»

ናፍቆት ያልሰማች መሰላት። «ምን አልክ?»

«መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ። አባትሽ ‹በሉ ሌላ ቀን› ብለው እንግዳቸውን ይዘው ወረዱ። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ዘግይቼ ቢሆን ምንም ማድረግ አያስፈልገኝም ነበር።»

«ትርፍ ቅጂ አልነበረህም?»

«ዲስኩን ከአሮጌው ኮምፒውተር አውጥቼ ነው የገጠምኩት። ቅጂውን ነገ አወጣለሁ ብዬ። በላዩ ላይ ፊልም እየተገለበጠ ነበር፤ መብራቱ ሲመጣ ቀጠለና የጠፋው ቦታ ላይ ፊልም ተጻፈበት። ባሕር ዳር ያለ ሰው ዘንድ ሁሉ ወሰድኩት። የወጣው ቁርጥራጭ ነው። ድምፅ የለውም።» ወደ ማሽኑ ዞሮ ቀጠለ። «ሱቅ የመጣሽ ቀን ያየሽው ፊት የአማረ ነው። ግማሹ ብቻ ነው የተገኘው፤ ከአፍንጫው በታች ግራጫ ነው። እንድታዪው አልፈለግኩም።»

ናፍቆት ግድግዳውን ተደገፈች። ስትቀናበት የከረመችው የወንድሟን ግማሽ ፊት ነው። ከታች የእናቷ ድምፅ «ናፍቆት! መጋረጃው!» ይላል። ናፍቆት ግን ወደ የኔነህ ዞረች።

«ምን ልትላቸው ነው?»

«ሰው ሲበተን ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ። እጄ ሳተ እላለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺ የለሽበትም። ዝም በይ።»

ፎቶዎቹን እዚያ የከተተችው እሷ ናት። የወንድሟን ስም መደበቂያ ያደረገችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰበችው፤ መጋረጃውን ግን አንሥታ ወጣች። እፎይታ ነበር የተሰማት። ይህን እፎይታ በኋላ ለራሷ ይቅር ልትለው አልቻለችም።

*

አቶ በላቸው ሰው እስኪበተን አልጠበቁም። አንድ ዓመት ጠብቀዋል። ጸሎቱ እንዳበቃ፣ ማዕዱ ሳይቀርብ፣ ካህኑን አባ ገብረ ኪዳንን ሳሎን ትልቁ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሪሞቱን ራሳቸው ያዙ። ሴቶቹ ፎቅ ሁለቱን ክፍል ሞልተዋል፤ ወጣቶቹ እንግዳ ማረፊያውን። ገበሬዎቹ፣ አያ ደሳለውም ከነሱ ጋር፣ ዱላቸውን ይዘው በሳሎኑ በር ዘንድ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ የኔነህ እየተጠጋ።

«በኋላ። ቁጭ በል፤ ዛሬ ያንተም ቀን ነው።»

ሪሞቱን ተጫኑት። አምስቱም ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ በሩ፤ ሥራው እንከን አልነበረውም። «አማረ» የሚል ስም መጣ። አቶ በላቸው ከፈቱት። ባዶ። ዘግተው ከፈቱት። ባዶ።

ከፎቅ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። «እዚህኛው ክፍል አይታይም፤ እናንተ ጋ ታየ?»

ከእንግዳ ማረፊያው ሌላው መለሰላት። «እኛም ጋ ባዶ ነው። ሳሎን ይሆናል የሚያሳየው።»

ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ አቶ በላቸውን ያያል። አቶ በላቸው የኔነህን።

«የታል?»

«የለም ጋሼ። ሳላውቅ አጠፋሁት። ለመመለስ ያላደረግኩት የለም። እጄ ሳተ።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከደረጃው ላይ ነበሩ። አልጮኹም። የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ተቀመጡ፤ አንዲት ሴት ትከሻቸውን ያዘች። አቶ በላቸው ሪሞቱን እግራቸው ሥር አስቀመጡት፤ መወርወር ይችሉ ነበር፤ አስቀመጡት። ያም የባሰ ነበር።

«ልጄን ሁለት ጊዜ ገደልከው» አሉት። «መጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎ አንተ። ከጭቃ ውስጥ ያወጣሁህ፣ ቤቴን የከፈትኩልህ፣ ኮርኒሴ ላይ የወጣህ። የሩዝ ማሳ ውስጥ እግሩን የነከረ ሰው ምን አንቀዥቅዦት ኮምፒውተር ይነካል? እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

የኔነህ ራሱን ደፋ። ናፍቆት ከሳሎኑ ጥግ ሆና አየችው፤ ጆሮው ቀልቷል። አባቷ ሌላም ተናገሩ። ስለ ቁሐር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ተማርኩ ባይ። እያንዳንዱ ቃል የገበሬዎቹን አንገት ወደ ዱላቸው ሲደፋው አየች።

አያ ደሳለው ወጡ። ሰው ሁሉ በኀፍረት የሄዱ መሰለው። ከቤቱ ሥራ የተረፈ ድንጋይ ከግቢው አንሥተው፣ ማጅራታቸው ላይ ጭነው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው ተመለሱ። የሳሎኑን ደፍ ተሻገሩ። አቶ በላቸው ፊት ደርሰው ጎንበስ አሉ።

«ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ፣ አቶ በላቸው። የወለድኩት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

 የድንጋዩ አፈር በነጭ ጋቢያቸው ላይ ወደታች ይፈስሳል። እንዲህ ያለውን ይቅርታ የሚገፋ ሰው በወረታም በይፋግም ቀና ብሎ አይሄድም።

«በላቸው፣ ልጄ» አሉ አባ ገብረ ኪዳን። «ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክመው ቆመዋል። አውርድላቸው።»

አቶ በላቸው ካህኑን አዩ። ከዚያ ተራመዱና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱት። «እግዚአብሔር ይማርዎ፣ አያ ደሳለው። ምሬያለሁ።» ወደ የኔነህ ዞሩ። ድምፃቸው ከስድቡ ይልቅ አስፈሪ ሆኖ ለስልሶ ነበር። «ምሬሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አንተ ዝርክርክ ልጅ አይደለህም። ሽቦ በቀለም ተራ የሚደረድር ሰው እጁ እንዴት ሳተ? ምን ሆነህ ነው?»

የኔነህ ከንፈሩን ነክሶ ወለሉን ያያል። ናፍቆት ወዳለችበት ጥግ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለከተም፤ አለመመልከቱ ነበር የጮኸው።

አቶ በላቸው ዐይናቸውን ከእሱ አንሥተው ወደ ልጃቸው ወሰዱ። «ናፍቆት። አብረሽው ስትሠሪ ነበር። በእግዚአብሔር ሰው ፊት ነው የምጠይቅሽ። ምን ሆኖ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አያ ደሳለው ማጅራታቸውን እያሻሹ ነበር። እሳቸውም አዩዋት። እናቷ ከደረጃው አዩዋት። ናፍቆት የአባቷን ፊት አየች፤ በዓመቱ ውስጥ ያረጀውን ፊት፤ በዚህ ፊት ላይ ሌላ ነገር መጨመር እንደማትችል ተሰማት። ወይም እንደዚያ ነው ለራሷ የነገረችው።

«አላውቅም» አለች።

የኔነህ ዐይኑን ጨፈነ።

*

ማዕዱ ሲቀርብና ሰው ወደ ድንኳኑ ሲወጣ ናፍቆት ወደ ፎቅ ሮጠች። የኔነህ በትንሿ ክፍል ውስጥ መሣሪያውን ወደ ቦርሳው እየከተተ ነበር። መቆንጠጫውን፣ ዊንጮቹን፣ የተረፈውን ገመድ። ማሽኑን አላጠፋውም።

«ዝም በይ ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው።

«አዎ። ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ታየኛለህ?»

«አላየሁሽም።» እውነቱን ነው፤ አላያትም። የገመዱን ጥቅል እያጠበቀ ነበር። «ዝም ማለትና አላውቅም ማለት አንድ መስሎኝ ነበር። ስትይው ነው ልዩነቱን የሰማሁት።»

«አሁን እነግራቸዋለሁ። አሁኑኑ።»

«አሁን?» ቀና አለ። «አባቴ ድንጋይ ከተሸከሙ በኋላ? ናፍቆት፣ እኔ በሕይወቴ አባቴን ለማንም ጎንበስ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። ዛሬ አየሁ። ለልጃቸው ጥፋት ነው ብለው። አባትሽ ምሬያለሁ ብለዋል፤ ካህን ሰምቷል። ያ ይቅርታ ለእጅ መሳት የተሰጠ ነው። ለኔና ላንቺ የተሰጠ አይደለም። ብትናገሪ ምሕረቱ ይፈርሳል፤ የአባቴ አንገት በከንቱ የጎበጠ ይሆናል።»

«ታዲያ ዝም ልበል?»

«እኔ እንጃ። መናገር የሚያዋጣው ድንጋዩ ደፉን ሳያልፍ ነበር።»

ናፍቆት እጁን ያዘችው። መዳፉ ላይ መቆንጠጫው ያወጣው ጠባሳ አለ፤ በልቧ ታውቀዋለች። የኔነህ እጁን አልነጠቃትም። እንደ ሰው ዕቃ በእጇ ውስጥ ተወው እንጂ።

«ትወጅኛለሽ፤ አልጠራጠርም» አላት። «ግን ሰው ፊት አትወጅኝም። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ኮርኒስ ውስጥ መኖር አልችልም።»

ቦርሳውን አነሣ። በኋለኛው ደረጃ ወርዶ በመፈልፈያው በኩል ወጣ። ናፍቆት በመስኮቱ አየችው፤ አባቱ አህያቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁታል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሄዱ። ልትናደድ ፈለገች፤ የሚናደዱበት ሰው አጣች፤ ከራሷ በቀር።

*

አቶ በላቸው ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ እየበላ ነው፤ እሳቸው ግን ባዶውን ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ድንጋዩ አሁንም ወለሉ ላይ አለ፤ የሚያወጣው ሰው አልተገኘም።

«አባዬ። የኔነህ እጁ አልሳተም።»

አልዞሩም። ናፍቆት ቆማ ነገረቻቸው። ፎቶዎቹን፣ ጣራ ገዳምን፣ እንግዳው የመጡበትን ቀን፣ መብራቱን። አንዱንም አላሳመረችም። ስትጨርስ አባቷ ወደ ድንጋዩ ተመለከቱ።

«ከደሳለው ልጅ ጋር» አሉ።

«አዎ።»

«ፎቶውን ከልጄ ጋር አደረግሽው።»

«ማንም አይከፍተውም ብዬ ነው።»

«ማንም አይከፍተውም ብለሽ።» ቃሏን እንደ መራራ ነገር በአፋቸው ውስጥ አዞሩት። «እኔ ሳልከፍተው የኖርኩት ስለምፈራ ነው። አንቺ ፍርሃቴን ቁም ሣጥን አደረግሽው።»

ናፍቆት ቢመቷት ትመርጥ ነበር።

አቶ በላቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆነ። «እንግዶቹ ይጠብቁኛል። የተባለው ተብሏል። አያ ደሳለው ይቅርታቸውን ይዘው ሄደዋል። ልጁ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ አይደርስም። አንቺ በካህን ፊት ተጠይቀሽ አላውቅም ብለሻል። እንግዲያው አታውቂም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«አታውቂም እልሻለሁ።»

«ድንጋዩ ለኔ የሚገባ ነበር። አያ ደሳለው የማንን ጥፋት እንደተሸከሙ ሳያውቁ ቁሐር አይገቡም። ልነግራቸው ነው።»

እናቷ ከጓዳው ብቅ አሉ፤ ትሪ ይዘዋል። ሰምተዋል፤ ፊታቸው ይናገራል። አቶ በላቸው እጃቸውን ወደ ድንኳኑ ዘረጉ። «መላው ወረታ እዚያ ተቀምጧል። በመካከሉ አልፈሽ ነው የምትሄጂው? ለሱ ብለሽ?»

«እሱ አይፈልገኝም። ለሱ አይደለም።»

ይህን ስትለው እውነት መሆኑን አወቀች፤ ልቧ ስንጥቅ አለ። የኔነህ ወደ ኋላ አያያትም። ለአባቱ ብትነግር ያስቀይመዋል እንጂ አይመልሰውም። ሆኖም የአያ ደሳለው ጎባጣ አንገት ከፊቷ አልሄድ አላት።

«ከዚህ በር ከወጣሽ…» አሉ አቶ በላቸው። የቀረውን አልጨረሱትም፤ ወይም አልቻሉም።

ናፍቆት ትንሽ ጠበቀቻቸው። የሚቆጣ ድምፅ እንኳ ቢሰማ ደስ ይላት ነበር፤ ቤቱ ግን ዝም ብሏል። እናቷ ትሪውን እንደያዙ ዐይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ። ናፍቆት በባዶው ስክሪን አጠገብ አለፈች፤ ደፉን ተሻገረች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እያያት በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።